ወይዘሮ አስካለን ማን ጠየቃት?

እስቲ ንገሩኝ፣ ሰው በመጽሐፍ ይናደዳል? በውኃ ወረፋ ተገፍቶ መናደድ አለ። የአህያ ጭነት ግድግዳውን ፍቆበት መናደድ አለ። እሱ የተለመደ ነው። ግን በመጽሐፍ? ያውም በሰው መጽሐፍ? ያውም ራሴ ባላነበብኩት፣ በመስኮት በሰማሁት? እኔ አኽበረት ግን ተናድጃለሁ። ክረምቱ መጣ፣ ንዴቴ ግን አልሄደም። ዛሬ ጠዋት ሻሂዬን ስኳር ሳልጨምር ጠጥቼ የጨረስኩት በእሱ ምክንያት ነው።

ቤቴ አስመራ፣ ዓባ ሻውል ሰፈር ነው። እዚያ ያልደረሰ ሰው ካለ፣ ቤቶቻችን ትከሻ ለትከሻ የተጣበቁ ትናንሽ የድንጋይ ቤቶች ናቸው። መንገዱ ላይ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ የግድ ግድግዳ ይታከካል። እዚህ ቤት ሲያስነጥሱ እዚያ ቤት ይማርህ ይላሉ። የእኔ መስኮት ፊት ለፊት የሚያየው የአያ ተኽለን በር ነው። እኔ አላደረግኩትም፣ ግንበኛው ነው። ታዲያ መስኮቴ ሥር ተቀምጬ ምስር ስለቅም ዓይኔን የት ላድርገው? ኪሴ ውስጥ?

አያ ተኽለ አናጺ ነው። እጁ ወርቅ ነው፣ ጠባዩ ግን እንደሚያናግረው ሰው ነው፤ ለእንግዳ ማር፣ ለቤቱ እሬት። ሚስቱ ዝማም ዝምተኛ ሴት ናት። ልጃቸው ሰናይት ግን የእናቷን ዝምታ አልወረሰችም። በዚህ መንገድ ካሉት ሴቶች ልጆች እስከ ስምንተኛ ክፍል የደረሰች እሷ ብቻ ናት። አባቷ መስከረም ላይ በሩ ላይ ቆሞ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ ፈረደ። ካለፈች ትማር፣ ከወደቀች ትዳር አለ። ሌላ ነገር አልጨመረበትም። እሱ እንጨት ሲለካም እንደዚሁ ነው፤ አንዴ ከለካ ሁለተኛ አያይም።

ትምህርቱ ደግሞ በአማርኛ ነው። ፌደሬሽኑ ከፈረሰ ወዲህ የትግርኛው መጽሐፍ ከትምህርት ቤት ወጥቷል፤ ልጆቻችን በእናታቸው አፍ ያልሰሙትን ነው የሚፈተኑት። ሰናይት ታዲያ አማርኛ ካልጮኸችበት አይገባትም። ከሰዓት በኋላ በራቸው ደፍ ላይ ትቀመጥና መጽሐፉን ትከፍታለች። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁሉ ተማሪ ነው። ልብስ የምታሰጣው ታሰጣለች፣ የሚያልፈው ቆም ይላል፣ እኔም ምስሬን እለቅማለሁ። ከባድ ቃል ሲመጣባት ቀና ብላ ታየኛለች። እኔ አማርኛ የለመድኩት በአንድ የመቶ አለቃ ቤት ልብስ ስተኩስ ነው። ፊደሉን ግን ልጅ ሆኜ ከቄስ ነው የቆጠርኩት፤ ይህንንም በራሴ እጅ ነው የምጽፈው። አያ ተኽለ አማርኛ አያነብም። ስለዚህ ያለ ፍርሃት እጽፋለሁ።

አሁን ወደ መጽሐፉ። ለወጣቶች የተጻፈ የፍቅር ታሪክ ነው። አዲስ አበባ አልማዝ የምትባል ልጅ አለች፤ ቆንጆ። ግርማ የሚባል ልጅ አለ፤ እሱም ቆንጆ። ተዋደዱ። የግርማ ዘመዶች ልጅቷን ከመጠየቃቸው በፊት ስለ ጠባይዋ ሊያጣሩ አንድ ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌው ሄዶ ሄዶ የአልማዝን ጎረቤት ጠየቀ። ጎረቤቷ ወይዘሮ አስካለ ትባላለች። ደራሲው እንዲህ ይላል፤ አስካለ ከንፈሯን ወደ ሽማግሌው ጆሮ አስጠግታ አንድ ነገር ሹክ አለችው። በማግስቱ ነገሩ ፈረሰ። አልማዝ አዘነች፣ ከዚያ ታመመች፣ ከዚያ ሞተች። በምን ሞተች? በሐዘን። በመጽሐፍ ውስጥ ሰው ሲሞት ሐኪም አይጠራም።

ሰናይት ይህን ስታነብ ልብስ የምታሰጣዋ ጎረቤት የሰው አንሶላ ይዛ አለቀሰች። አንዷ ደግሞ ይህች አስካለ እስከ ዛሬ በሕይወት አለች ወይ ብላ ጠየቀች። ሌላዋም፣ አለች እንጂ፣ ክፉ ሰው ምን ይሆናል አለቻት። እንዲህ እንዲህ እያሉ ቆዩ። ከዚያ ምን ቢያዩ ጥሩ ነው? መስኮቴን!

ለምን? ደራሲው አስካለን ሲያስተዋውቅ፣ “መስኮቷ ጠዋት ማታ የማይዘጋ” ብሎ ነዋ የጀመረው። ኧረ ስንት የሚባልላት ነገር እያለ! መልኳን አልተናገረ፣ አገሯን አልተናገረ። መስኮቷን ብቻ። አንሶላ ይዛ የምታለቅሰው ሴት ዓይኗን ጠርጋ ምን አለችኝ?

“አደይ አኽበረት፣ ይህች ሴትዮ ዘመድሽ ትሆን እንዴ?”

መንገዱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕፃናቱ ሳይቀሩ በመስኮቴ ሥር ሲያልፉ፣ “አስካለ! አስካለ!” እያሉ ይሮጣሉ። ልጅ ሲታመም የማንን ይዤ ሮጬ ሐኪም ቤት እንዳደረስኩ፣ የማን ምጥ ላይ ሌሊቱን እንደቆምኩ፣ ለማን ቤት እንጀራ እንዳሻገርኩ ተረሳ። አንድ ያላየሁት፣ በዓባ ሻውል በሕልሙ እንኳ ያላለፈ ሰው አዲስ አበባ ተቀምጦ መስኮት ብሎ ስለጻፈ!

ይሁን ብዬ ልተወው ነበር። ግን የሰናይት መምህር የቤት ሥራ ሰጠ። የታሪኩ ባለጋራ ማን ናት? ጠባይዋ ምን ዓይነት ነው? ይህን ክፉ ሥራ እንድትሠራ ያደረጋት ምክንያት ምንድን ነው? ዘርዝራችሁ ጻፉ አላቸው። ሰናይት መጽሐፉን ይዛ መስኮቴ ሥር መጣች።

“አደይ አኽበረት፣ አስካለ ለምን እንዲህ አደረገች?”

ዋእ! እኔን ነው የምትጠይቂኝ? አልኳት። ከዚያ አሰብኩ። ከእኔ ሌላ ማንን ትጠይቅ? እሺ ጓለይ፣ ልጄ፣ ተቀመጪ፣ አስካለ ያለችበትን ብቻ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ አልኳት። አነበበችልኝ። እኔ ደግሞ ሰው ስለ ሰው ሲያወራ የቱ ጋ እንደሚዘል ለመስማት ጆሮዬ የሠለጠነ ነው። ዕድሜዬን ሁሉ የሠራሁት ሥራ ነው።

መጀመሪያ ያገኘሁት ይህ ነው። አስካለ ባሏ የሞተባት ናት። ደራሲው በአንዲት ቃል ጠቅሷት ያልፋል። አልማዝ እናቷ ፊት ስለነሳቻት አራት ገጽ ታለቅሳለች፣ አስካለ ግን ባሏን ቀብራ አንዲት መስመር እንኳ አልተሰጣትም። እሺ፣ ይለፍ። ቀጥሎ፣ የአልማዝ እናት ታማ በተኛችበት ጊዜ “አንዲት ጎረቤት” አጥሚት እየሠራች ስታጠጣት ከረመች ይላል። አንዲት ጎረቤት! ሰናይት፣ እዚያ ቤት አጠገብ ስንት ጎረቤት አለ? አልኳት። ገጹን ወደ ኋላ አገላበጠች፣ ወደ ፊት አገላበጠች። በአንድ በኩል ወፍጮ ቤት ነው፣ በሌላው በኩል አስካለ ናት። አያችሁ ሥራውን? አጥሚት ስትሠራ ስም የላትም፣ አንዲት ጎረቤት ናት። ክፉ ስትሠራ ግን ስሟ ከነወይዘሮነቱ ተጻፈላት።

ገና ነው። ግርማ፣ ያ ቆንጆው፣ አንድ ቀን አልማዝን ለማየት ሲመጣ ውኃ የሚሸከም ሽማግሌ ጫማውን ረጨበት። ግርማ ሽማግሌውን በጥፊ መታው። ደራሲው ምን ይላል? “በፍቅር ልቡ ተረብሾ” ይላል! አንድ ሰው በፍቅር ልቡ ሲረበሽ ውኃ የተሸከመ ሽማግሌ ይመታል? ቆይ ቆይ አልኳት። ይህ የሆነው የት ነው? በአልማዝ በር ላይ፣ አለችኝ። በአልማዝ በር ላይ ከሆነ ከማን መስኮት ፊት ነው?

ሰናይት ከመጽሐፉ ቀና አለች። ዓይኗ ሰፋ።

“ከአስካለ መስኮት ፊት” አለች።

መስኮቷስ?

“ጠዋት ማታ የማይዘጋ።”

በቃ! አየችዋ! አስካለ አይታለች። ነገ ማንን በጥፊ እንደሚመታ አይታለች። ያችን አጥሚት እየሠራች የደረሰችላትን የታማሚ ሴት ልጅ ለማን ሊሰጧት እንደሆነ አይታለች። የተላከው ሽማግሌ መጥቶ ሲጠይቃት ምን ትበል? ሹክ ያለችው ምን እንደሆነ ደራሲው አልነገረንም። አልሰማማ! ሳይሰማ ክፉ ነው አለ። እኔ በመስኮት የምሰማዋ ሴትዮ እንኳ ያልሰማሁትን አላወራም። ይህንን እመብርሃን ታውቃለች።

ሰናይት ይህን ሁሉ በጥሩ አማርኛ ጻፈችው። በማግስቱ ክፍል ውስጥ አነበበችው። ልጆቹ ሳቁ፣ መምህሩም ወረቀቷን መለሰላት። የባለጋራዋ ምክንያት ምቀኝነት ነው፣ እሱን ጽፈሽ አምጪ አላት። ሰናይት ደግሞ የአባቷ ልጅ ናት፣ አንዴ ከለካች ሁለተኛ አታይም። ውሸት ነው፣ አልጽፍም አለች። እኔም በመስኮት ሆኜ አትጻፊ! አልኳት። ነጠላዬን ለበስኩና ትምህርት ቤት ሄድኩ።

መምህሩ ከሸዋ የመጣ ቀጭን ልጅ ነው። በግንቦት ወር ሹራብ የለበሰ። የአስመራን ነፋስ ገና አልለመደውም። ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠኝ፤ አስተዳደጉ ጥሩ ነው፣ አልዋሽበትም።

“የሰናይት እናት ነዎት?”

“ጎረቤቷ ነኝ።”

ፈገግ አለ። ጎረቤት ስለ ቤት ሥራ ሊከራከር ሲመጣ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን አልሳቅኩም። የኔ ልጅ፣ አስካለ ምቀኛ ናት ያለህ ማን ነው? አልኩት።

“ደራሲው ነው፣ እማማ። እዚሁ ገጹ ላይ አለ።”

“ደራሲው ጎረቤቷ ነበር?”

“ኧረ እማማ፣ እሱ እኮ ነው የፈጠራት።”

“እንግዲያው የባሰ ነው። የፈጠረ ሰው የፈጠረውን አይጠይቅም? እግዚአብሔር እንኳ ሁሉን እያወቀ አዳምን የት ነህ ብሎ ጠይቆታል።”

መምህሩ ሹራቡን ወደ ታች ሳበ። በሩን አየ፣ ድምፁንም ቀነስ አደረገ። የሚሉት ይገባኛል እማማ አለኝ። የጥፊውን ነገር እኔም ሳስበው ነበር አለኝ። ነገር ግን ይህ ጥያቄ በዓመቱ ፈተና ላይ ይመጣል፣ የማርመውም እኔ ብቻ አይደለሁም፣ መልሱ አንድ ቃል ነው ተብሎ ተሰጥቶናል አለኝ። ልጅቷ ያንን ቃል ካልጻፈች እኔ ላድናት አልችልም አለ።

ምቀኝነት! የሰውን ሆድ ያህል ነገር በአንዲት ቃል ጠቅጥቀው ክዳኑን ከደኑት። ባሏን የቀበረች ሴት፣ አጥሚት የሠራች ሴት፣ ጥፊውን ያየች ሴት ምን ትመቀኛለች? የሚመታ ባል ነው የምትመቀኘው? እየተቆጣሁ ወጣሁ፣ እየተቆጣሁ እስከ ፌርማታው ሄድኩ፣ አውቶቡሱም ንዴቴን ፈርቶ መሰለኝ ሳልሳፈር ሄደ። ዓባ ሻውል ድረስ በእግሬ ገባሁ።

ይህ በሆነ ሰሞን ዝማም መስኮቴ ሥር መጥታ ቆመች። ዝማም መስኮቴ ሥር የቆመችበት ቀን ጥቂት ነው። እጇን በነጠላዋ ጠቅልላለች። ዓኽርያ ሰፈር የመኪና ጥገና ቤት ያለው አንድ ሰው ለሰናይት ሽማግሌ ሊልክ ነው አለችኝ። ሰውየው ደህና ሰው ነው፣ አይጠጣም። ዕድሜው ግን ከባሌ ብዙም አይርቅም አለች። ተኽለ ደስ ብሎታል፣ ፈተናውን አንጠብቅም እያለ ነው፣ አለች። አንቺስ? አልኳት። እኔ ምን እላለሁ፣ አለች። ከዚያ መሄድ ጀመረችና ተመለሰች።

“ነገ ሊጠይቁሽ ይመጣሉ” አለችኝ። “የምታውቂውን አንቺ ታውቂያለሽ።”

ዘወር ብላ ሄደች። ዝማም በአንድ ዓመት የምታወራውን በአንድ ቀን አወራችኝ።

እንግዲህ የእኛን አገር ሥርዓት ለማያውቅ ሰው ልንገር። ለልጅ ሚስት የሚፈልጉ ሰዎች ስለ ልጅቷ ጎረቤት ይጠይቃሉ። ግን ልጅቷ እንዴት ናት ብለው በቀጥታ አይመጡም፤ ነውር ነው። የሚከራይ ክፍል አለ ወይ ብለው ይመጣሉ። የተጠየቀውም ክፍል የለም ብሎ አይመልሳቸውም። ያስቀምጣቸዋል፣ ሻሂ ይሰጣቸዋል፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ጎረቤቱ ያወራሉ። ከዚያ ወሬ ወሬን አንስቶ እንደ ዋዛ ልጅቷ ላይ ይደርሳሉ። የሚመለሰው መልስም ሥርዓት አለው። ልጅቷ ጥሩ ከሆነች፣ ሰሚው እስኪሰለቸው ታወራለህ። ትንሽ ጉድለት ካለባት፣ ልጅ ናት፣ ታድጋለች ትላለህ። ጉድ ካለባት ግን ክፉ ቃል አይወጣህም። ኃጢአትም ነው፣ ጠብም ያመጣል። አንዲት ነገር ብቻ ትላለህ። አላውቅም። በቃ። ግድግዳ የምትጋራ ሰው፣ ሳል እንኳ የምትሰማ ሰው አላውቅም ካልክ፣ የምታውቀው ነገር በአፍ የሚነገር አይደለም ማለት ነው። ጠያቂው ሻሂውን ሳይጨርስ ይሄዳል።

በማግስቱ መጣች። ዕድሜዋ ከእኔ የሚገጥም ሴትዮ ናት፣ ጆሮዋ ላይ ወርቅ አለ። ዓባ ሻውል ክፍል ሊከራይ የሚመጣ ሰው ወርቅ አድርጎ አይመጣም፤ ግን ሥርዓት ነውና ሁለታችንም አላየነውም።

“እኅቴ፣ እዚህ ሰፈር የሚከራይ ክፍል ይገኝ ይሆን?”

“ግቢ፣ ትንሽ ዐረፍ በይ” አልኳት።

ስለ ውኃው አወራን። ውኃው ደስ ሲለው ነው የሚመጣው አልኳት። ስለ አውቶቡሱ አወራን። ስለ ጤፍ አወራን፣ ስለ ጉልበታችን አወራን፤ የእሷ ቀኝ ጉልበት ነው፣ የእኔ ግራ። ጥሩ ሴትዮ ናት፣ በሌላ ቀን ወዳጄ በሆነች። ሰናይት እዚያ ማዶ ደፏ ላይ ተቀምጣ መጽሐፉን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትጮኻለች። አልማዝ እየሞተች ነው። ሴትዮዋ አዳምጣ አዳምጣ፣ እንዲህ ጮኻ የምታነበው የማን ልጅ ናት? አለችኝ። የአያ ተኽለ፣ የአናጺው፣ አልኳት። ሻሂዋን አማሰለች።

“ልጅቷስ እንዴት ያለች ናት?”

ንገሩኝ እስቲ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እውነቱን ልናገር? ሰናይት በእጄ ያደገች፣ ውሸት የማያውቃት፣ ለታመመ የምትሮጥ፣ ሥራ የማትፈራ ልጅ ናት። ይህን ባልኩ በሳምንቱ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ መጽሐፉ ይዘጋል፣ ድምፅዋም ዓኽርያ ገብቶ ከመኪና ብረት ጋር ይቀላቀላል። ክፉ ልናገርባት? ምላሴን ይቁረጠው። እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ያች ሴት ትዝ ያለችኝ። አስካለ። ሽማግሌው ፊቷ ቆሞ፣ ደራሲው ሩቅ ሆኖ። ያ ሹክታ ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ሹክ ያለችው ውሸትም ስድብም አልነበረም። የምታፈቅራትን ልጅ የምታድንበት አንዲት ቃል ብቻ ነው የነበራት።

“አላውቅም” አልኩ።

ሴትዮዋ ማንኪያዋን አቆመች። በመስኮቱ ሰናይትን አየቻት፣ እኔን አየችኝ። ከመስኮቴ እስከ ሰናይት ያለውን ርቀት አየች፤ ሕፃን ልጅ ተንጠራርቶ የሚነካው ያህል ነው። ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

“የቐንየለይ እኅቴ፣ ስለ ክፍሉ ሌላ ቀን እመለሳለሁ” ብላ አመስግናኝ ወጣች። ጉልበቷን እንኳ ረስታ ነው የተራመደችው።

ከዚያ ወዲያ ዓኽርያ ዝም አለ። አያ ተኽለ ጠበቀ፣ ጠበቀ። በኋላ የሆነ ሰው አላውቅም ማለቴን ነገረው፤ በእኛ ሰፈር ነገር የማይነገረው ሰው የለም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ መንገዱ ሰው በሞላበት ሰዓት፣ መጥቶ መስኮቴ ሥር ቆመ። እንደ ወትሮው አደይ ብሎ አላከበረኝም። አኽበረት! አለኝ፣ እንዲያው በደረቁ። እንጨት አለኝ፣ ሚስማርም አለኝ፣ ይህን መስኮት ልድፈንልሽ አለኝ። በነፃ እሠራልሻለሁ አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። የአባት ድምፅ ሲሰበር መስማት ቀላል አይደለም።

“ምን በደልንሽ? ንገሪኝ! ልጄን እንዲህ ያደረግሽበት ምክንያትሽ ምንድን ነው?”

ልነግረው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከኋላው በሩ ውስጥ ሰናይት ቆማለች፣ አፏን ከፍታ። እሷም ልትናገር ነው። ብትናገር እናቷም እኔም እሷም አንድ ላይ የዶለትን ይመስለዋል፣ ከዚያ ፈተና የለ፣ ትምህርት የለ። ፈተናው ደግሞ በሳምንቱ ነው፤ ያችን ቃል አልጽፍም ብላለች። ከወደቀች ዓኽርያ ቢቀር ሌላ ሰፈር አለ። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታየኝ። ደግሞ ጥያቄውን ስሙት! ምክንያትሽ ምንድን ነው? ያው የመምህሩ ጥያቄ ነው እኮ! ከመስኮቱ ወገቤ ድረስ ወጣሁ። በትግርኛ ጀምሬ በአማርኛ ጮኽኩ።

“እወ! ምቀኛ ነኝ! ምቀኝነት ነው! ሌላ ምክንያት የለኝም! ከቶ የለኝም! ምቀኝነት! የሚጽፍ ካለ እንዲሁ ብሎ ይጻፈው!”

 ሳቁ ቆመ። አያ ተኽለ ተፋ፣ ሄደ። ሰናይት ግን አልተንቀሳቀሰችም። ዓይኔን አየችው፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ገብታ በሩን ዘጋች። ገብቷታል።

የቀረው የውኃው ወረፋ ነው። በማግስቱ ቆርቆሮዬን ይዤ ስሄድ ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩ። ዝማም ወረፋው መሐል ነበረች። ባሏ ዕቃ ተሸክሞ ከአጠገባችን ያልፋል። ዝምተኛዋ ዝማም ያን ቀን አፏን ከፈተች!

“አንቺ የሰው ቤት አፍራሽ! ውኃ ሳይሆን ደም ይቀዳልሽ! ዓይንሽ ይፍሰስ!”

እንዲህ እያለች ግን እጇ ምን ያደርጋል? ቆርቆሮዬን ከኋላ አንስታ ከራሷ ፊት አስቀመጠችው። ስድቡን ጨረሰችና ቧንቧውን ከፈተችልኝ። ውኃው እስኪሞላ ሰደበችኝ። ቆርቆሮውን ራሴ ላይ ያወጣችልኝም እሷ ናት። እኔም እየተሰደብኩ፣ ሳቄን በጥርሴ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ሰናይት አለፈች። የፈተናው ወረቀት የተመለሰላቸው ቀን ደፏ ላይ ተቀመጠች፣ አባቷ እዚያው በር ላይ ወንበር ይጠግናል። እንደ ልማዷ ጮኻ ማንበብ ጀመረች። እኔ ምስሬን እለቅማለሁ፤ አሁን በግልጽ አንነጋገርም። ወይዘሮ አስካለ የሰው ደስታ የማትወድ፣ ርኅራኄ የሌላት ሴት ናት ብላ አነበበች። ቀና ሳልል እሰማለሁ። ይህን ሁሉ ያደረገችበት ምክንያት ምቀኝነት ብቻ ነው አለች። አያ ተኽለ መዶሻውን አቆመ፣ የልጁን አማርኛ ግማሹ ቢገባው ነው፣ አንገቱን ነቀነቀ፣ ልክ ነሽ እንደማለት። ከዚያ ሰናይት ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

“ይህንንም በገዛ አንደበቷ፣ በመስኮቷ ወጥታ፣ ሕዝብ እየሰማ ተናግራለች።”

ይህች መጨረሻዋ መጽሐፉ ላይ የለችም። መምህሩም አልሰረዛትም። ሹራብ ለባሹ!

እንግዲህ መስከረም ሲመጣ ሰናይት ዘጠነኛ ክፍል ናት። እኔ አስካለ ነኝ። ሕፃናቱ አስካለ ሲሉኝ አቤት እላለሁ። አላውቅም ያልኩት ቃል ለጊዜው በሰናይት ላይ እንደተንሳፈፈ አለ፣ ጠያቂ አይመጣም። ያስከፋታል? ትንሽ ያስከፋታል፤ የሰው ዓይን ነው። ትምህርቷን ስትጨርስ ግን ጠያቂው ይምጣ ብቻ፣ ጆሮው እስኪደክም አወራለታለሁ። መስኮቴንም አልዘጋሁም። አያ ተኽለ እንጨቱን እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ አስደግፎት አለ።

ንዴቴ ግን አልወጣልኝም፣ እሱ ላይ ነው ያለው፣ ደራሲው ላይ። የዓኽርያ ሰው እንኳ ሚስት ሊያገባ ሲያስብ ጎረቤት አስጠይቋል፣ ጉልበቷን የሚያማትን ሴት በአውቶቡስ ልኮ። ይህ ሰው ግን አንዲትን ሴት ለዘለዓለም ክፉ ሊያደርጋት ሲያስብ ማንን ጠየቀ? ማንን ላከ? እንግዲህ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ሰው ይመጣ ይሆናል። መስኮቴ ሥር ቆሞ የሚከራይ ክፍል አለ ወይ ይለኛል። አስገባዋለሁ። ሻሂ እሰጠዋለሁ፣ ስኳር ጨምሬ። ስለ ውኃው እናወራለን፣ ስለ አውቶቡሱ እናወራለን። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ ለመሆኑ ያንን መጽሐፍ የጻፈው ደራሲ እንዴት ያለ ሰው ነው? ይለኛል።

ዓይኑን ትክ ብዬ አየዋለሁ።

“አላውቅም” እለዋለሁ።